«አሪፍ ነው» ስል ለምን ይስቁብኛል?

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የእኔ ጥያቄ ከሌሎቹ አንጻር ቀላል ነው፤ ግን ከነከነኝ።

ፊልም ማየት እወዳለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። የዳይሬክተር ስም አልይዝም፣ ሽልማትም አልከታተልም። ሲመቸኝ አያለሁ፣ ሲደብረኝ አጠፋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ጓደኞቼ መሃል ስቀመጥ ነው። አንዱ የታወቀ ፊልም አዋቂ ነው።

በዚህ ወር አራት ፊልም አየሁ። አንደኛው ሁሉም የሚያደንቀው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም ነው። ስልኬን ሁለት ሦስቴ ነካካሁ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ያው ሰውዬ ያው መስኮት ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። ሁለተኛው ሁሉም ‹አልቃሻ› ብሎ የናቀው የቤተሰብ ፊልም ነው። ልጅቷ ከቤት ልትወጣ ስትል አባቷ ሻንጣዋን ያዘጋጅላታል። በልጅነቷ የምትለብሳትን ትንሽ ሹራብ ይከታል፣ መልሶ ያወጣታል፣ ደግሞ ይከታታል፣ ደግሞ ያወጣታል። እዚያ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ የሆነውንም በደንብ አላየሁት። ሦስተኛው ሆረር ነው። ሌሎቹ ሲጮሁ እኔ ሳቅሁ። አራተኛው የአክሽን ፊልም ክፍል ሁለት ነበር። በማግስቱ ረሳሁት።

ይህን ስነግራቸው ሙድ ያዙብኝ። አዋቂው ‹ሹራቧ ሳትሆን ሙዚቃው ነው ያስለቀሰሽ› አለኝ። ስለ አንዱ ፊልም ‹አሪፍ ነው› ብል ‹አሪፍ ማለት ሐሳብ አይደለም› አለኝ። አሁን ከመናገሬ በፊት ኢንተርኔት ላይ ፊልሙ ስንት በመቶ እንዳገኘ አያለሁ። የተጻፈውንም የራሴ አስመስዬ እናገራለሁ። ማንም አይስቅም፤ እኔ ግን ደስ አይለኝም። ጣዕም የለኝም ማለት ነው? መጽሐፍ ላንብብ? ወይስ አፌን ዘግቼ ልይ?

ዝምተኛዋ ተመልካች»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ጥያቄሽን ለመረዳት፣ ቀጥሎ ግን ለሹራቧ ብዬ። ያንን ፊልም አላየሁትም። ርዕሱንም አልነገርሽኝም። ሆኖም አባትየው ሻንጣው ፊት ተንበርክኮ ታየኝ። የተጠቀምሽው ሁለት ግሥ ብቻ ነው። ይከታል፣ ያወጣል፣ ይከታል፣ ያወጣል። ሰውየው ልጁን መሸኘት እንዳለበት ያውቃል። መሸኘት ግን አልቻለም። ሹራቧ እንደማትበቃት ያውቃል። መተው ግን አልቻለም። ይህን ሁሉ ያለ አንድ የትንታኔ ቃል ነገርሽኝ። «ባለሙያ አይደለሁም» ያልሽው ደግሞ አንቺው ነሽ!

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው። ጣዕም አለሽ። የጎደለሽ ሌላ ነገር ነው፤ እንደርስበታለን።

አስቀድመን የሙዚቃውን ነገር እንጨርስ። ጓደኛሽ «ሙዚቃው ነው ያስለቀሰሽ» ሲል ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ነው የሚመስለው። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር። ሙዚቃው የማን ነው? ከጎረቤት ቤት የመጣ ነው? የፊልሙ እኮ ነው! ካሜራው የቆመበት ቦታ፣ መብራቱ፣ የተዋናዩ ዝምታ፣ ትዕይንቱ የተቆረጠባት ቅጽበት፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም የተቀመጡት አንቺን እንዲነኩ ነው። ሲነኩሽ ታዲያ ተታለልሽ አይባልም።

ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገው ሙከራ እስካሁን ፊልም በሚማሩ ሰዎች ዘንድ ይነገራል። የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ተዋናዩ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ኢቫን ሞዙኺን ነው። ፊቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ስሜት የለም። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጣብቆ አሳየ። ተመልካቹ «እንዴት እንደራበው፣ እንዴት እንዳዘነ፣ እንዴት እንደተመኘ!» እያለ ትወናውን አደነቀ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። ስሜቱን የፈጠረው ከጎኑ የተቀመጠው ምስል ነው። ይህን ያየ ሰው ተመልካቹን ሞኝ አላለውም። «ለካ ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነው» ነው ያለው።

ደግሞ ነገሩን መፈተን ይቻላል። ያንን ትዕይንት ፈልጊና ድምፁን አጥፍተሽ እይው። ጉሮሮሽ አሁንም ከታነቀ ሹራቧ ናት። ምንም ካልተሰማሽ ጓደኛሽ ልክ ነበር። ያኔ «ልክ ነህ፣ ያለ ሙዚቃው ትዕይንቱ ባዶ ነው» በይው። ይህም የራስሽ ግኝት ነው፣ ያውም ከእሱ የተሻለ። እሱ ገመተ፣ አንቺ አየሽ።

አሁን ወደ ጎደለሽ ነገር ልምጣ። ጓደኛሽ አንድ ቦታ ላይ እውነት አለው። «አሪፍ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም። የሳቀው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መሳቁን አልወደድኩለትም። ግን «አሪፍ» የቤት በር ነው። አንቺ በሩን ከፍተሽ ታሳያቸውና መልሰሽ ትዘጊዋለሽ። ውስጡን አላዩትም።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል። «ደበረኝ» እና «ደባሪ ነው» የሚሉትን ሁለቱን እያቸው። ቅርብ ይመስላሉ። «ደበረኝ» ውስጥ ግን መጨረሻ ላይ «ኝ» አለች። ያቺ ትንሽ ፊደል አንቺ ነሽ። ተመቸኝ፣ ገረመኝ፣ አሳቀኝ፣ አስፈራኝ፣ አስለቀሰኝ። በ«ኝ» ላይ ማንም ሊከራከርሽ አይችልም። አስለቀሰኝ ስትዪ «የለም፣ አላስለቀሰሽም» የሚል ሰው የለም። «ደባሪ ነው» ስትዪ ግን ከራስሽ ወጥተሽ ስለ ፊልሙ ፍርድ ሰጠሽ። ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ጓደኞችሽ የሚይዙሽ እዚያ ላይ ነው። ያልተዘጋጀሽበት ችሎት ላይ ትቀመጫለሽ።

ስለዚህ ከ«ኝ» ጀምሪ። ከዚያ አንድ ትዕይንት ጥሪ። ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ሰለቸኝ፤ በተለይ ሰውዬው መስኮቱ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆም።» «አስፈራኝ፤ በሩ ሲከፈት ሳይሆን ከመከፈቱ በፊት።» ከዚህ በኋላ ጨዋታው ሌላ ነው። የሰማሽ ሰው ስለ መስኮቱ ወይም ስለ በሩ ያወራል እንጂ ስላንቺ አያወራም። ሙድ የሚያዘው ሰው ላይ እንጂ በር ላይ አይደለም።

የፐርሰንቱ ነገር ግን አሳሰበኝ። «ማንም አይስቅም» ያልሽው ልክ ነው። ግን ምን እየደገምሽ እንደሆነ ልንገርሽ። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ 95 በመቶ የሚል ስታዪ እንደ ፈተና ውጤት አድርገሽ ታነቢዋለሽ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያነበው። አይደለም። ከመቶ ሐያሲ 95ቱ በጥቅሉ አዎንታዊ ነገር ጻፉ ማለት ነው፣ በቃ። 95ቱም «ምንም አይልም፣ ይታያል» ብለው ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ግማሹ ሐያሲ ያበደለት፣ ግማሹ የጠላው ፊልም 50 ያገኛል። እዚያ ቤት ከ60 በታች ያገኘ ፊልም የበሰበሰ ተብሎ አረንጓዴ ምልክት ይለጠፍበታል። እንግዲህ እብድ አፍቃሪዎች ያሉት ፊልም የበሰበሰ ይባላል፣ ማንንም ያላስቀየመው ደግሞ ለጥሩ ፊልም የሚሰጠውን ቀይ ቲማቲም ይዞ ይሄዳል። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ ይለያል። የሐያሲዎቹን ነጥብ ወደ መቶ ቀይሮ አማካይ ያወጣል፤ ለአንዳንዶቹም ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ለዚህ ነው አንዱ ፊልም እዚህ 90፣ እዚያ 68 የሚሆነው። ሁለቱም አልዋሹም። የተጠየቁት ጥያቄ ነው የተለየው።

ቁጥሩን ስትደግሚ የምትናገሪው እጅ ያወጡ ሰዎችን ብዛት ነው። አስተያየት አይደለም። ደስ ያላለሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ሐያሲዎቹ ራሳቸውም አንድ ቦታ አይቆሙም። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያሲዎችን «የምንጊዜም ምርጡ ፊልም የቱ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ከ1962 እስከ 2002 አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲቲዝን ኬን አንደኛ ወጣ። እንግዲህ አለቀ፣ ምርጡ ታወቀ ተባለ። በ2012 ግን ቨርቲጎ ከዙፋኑ አወረደው። ቨርቲጎ በ1958 ሲወጣ አቀባበሉ የተደበላለቀ ነበር፤ ያልወደዱት ጥቂት አልነበሩም። በ2022 ደግሞ ከ1,600 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ አንደኛው ተቀየረ። ዣን ዲየልማን የሚባለው የሻንታል አከርማን ፊልም ሆነ፣ የ1975 ሥራ። ይህን ፊልም ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጊዜ አንዲት የቤት እመቤት ድንች ስትልጥ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ ነው የምናየው። አሁን ወደ እንቅልፍሽ መጣን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፤ ታገሺኝ። ስልክሽን ነካክተሻል። ለአክሽን ፊልም ይህ ችግር የለውም። አንገትሽን ቀና ስታደርጊ የሆነ ነገር ይፈነዳል፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ወዲያው ይገባሻል። ዘገምተኛ ፊልም ግን እንዲህ አይምርም። ዣን ዲየልማን ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ ሁሉን ነገር በሥርዓት ትሠራለች። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል። ሌላ ፊልም ላይ ይህ ምንም አይደለም። እዚህ ግን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ የሆነ ነገር ውስጧ ተሰብሯል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ስልኩ ላይ ያሳለፈ ሰው የሚያየው ድንች ብቻ ነው። አንቺ ስትነቂ ያየሽው ሰውዬ ያው መስኮት ጋ ነበር። ያው ሰውዬ መሆኑን ግን እርግጠኛ ነሽ? አንቺ ስትተኚ እና ስትነቂ መሃል ሌላ ሰው ሆኖ ቢሆንስ?

ይህን ስል ተመልሰሽ እይው ማለቴ አይደለም። ለሦስት ሰዓት የመቀመጥ ግዴታ የለብሽም። ፊልም ግብር አይደለም። አንዳንዱ ዘገምተኛ ፊልም ደግሞ ሐሳብ አልቆበት የዘገየ ነው፤ ዝምታው ውስጥ ምንም የለም። ይህን ለመለየት ግን ነቅቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለዚህኛው ፊልም ያለሽ ትክክለኛ አስተያየት «ተኛሁ» የሚለው ነው። አታፍሪበት። በ«ኝ» ማለት ከመረጥሽም «እንቅልፌን አመጣብኝ» በይ። «ቀሽም ነው» ግን አትበይ፣ የተኛሽበትን ሰዓት አላየሽውማ! «ግሩም ነው» ደግሞ ጭራሽ አትበይ።

«ግሩም ነው» ብዬ የተዋረድኩ ሰው ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምልሽ። ፊልም በሲዲ በሚታይበት ዘመን አንድ ፊልም ብዙ ጊዜ በሁለት ሲዲ ይመጣ ነበር። አንድ የተመሰገነ ፊልም ተዋስኩ። ጀመርኩት፣ ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ያልነገሩኝን ነገር እንደማውቅ አድርገው ያወራሉ። አንዱ የሞተ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም። መሃል ላይ ፊልሙ በትልቅ ፍጻሜ አለቀ። ሁለተኛውን ሲዲ ስከት የሞተው ሰውዬ በሕይወት አለ፣ ጭራሽ ያገባል። በማግስቱ ጓደኞቼ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ፊልሙ «ጊዜን የመገለባበጥ ድፍረት» ሰበክሁ። ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መተረኩ፣ ሞትን አስቀድሞ ሠርግን ማስከተሉ፣ እንዴት ያለ ጥልቀት! ሲዲውን ያዋሰኝ ሰው ዝም ብሎ ሰምቶ ሰምቶ «ሲዲ ሁለትን አስቀድመህ ነው እንዴ ያየኸው?» አለኝ። ለካ ምልክቶቹ ተቀያይረው ተለጥፈዋል። እኔን የጎዳኝ ግን የተለጠፈው ወረቀት አልነበረም። ግራ በገባኝ ሰዓት «ግራ ገባኝ» አለማለቴ ነው። ብዬ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይነግረኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም «ጊዜን ገልብጠው እስቲ» ይሉኛል።

ወደ ሆረሩ። ሌሎቹ ሲጮሁ አንቺ ሳቅሽ። ይህ ችግር አይደለም። ድንጋጤና ሳቅ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሰው ፈርቶ ሲያበቃ ነው ብዙ ጊዜ የሚስቀው። አንዳንዱ ደግሞ ፍርሃቱን ዘሎ በቀጥታ ሳቁ ላይ ይደርሳል። እኔ የምጠይቅሽ የት ላይ ሳቅሽ ነው። ጭራቁ ሲታይ ከሆነ ምናልባት ቶሎ ወይም በጣም ታይቶ ይሆናል። በ1975 የወጣው ጆውስ የተባለው የሻርክ ፊልም ሲሠራ መካኒካል ሻርኩ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገራቸው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ያለ ሻርክ መቅረጽ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ከውሃው በታች የሚያይ ካሜራ፣ በውሃው ላይ የሚጎተት ቢጫ በርሜል እና ያቺን የታወቀች ሙዚቃ ተጠቀመ። ሻርኩ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ሰውም በፍርሃት አለቀ። ዕቃው ቢሠራ ኖሮ የጎማ ሻርክ አይተን እንስቅ ነበር ይሆናል። አንቺም የጎማውን ሻርክ ቀድመሽ አይተሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሳቅሽ ከጩኸታቸው የበለጠ ስለ ፊልሙ ይናገራል። ካልሆነም አልሆነም፤ አንዳንድ ሰው ሲፈራ ይስቃል፣ ምንም ትንታኔ አያስፈልገውም።

ስለ አክሽኑ የምለው የለኝም። በማግስቱ ረሳሽው፤ አስተያየቱ ይኸው ነው፣ ሙሉ ነው፣ ምንም አትጨምሪበት።

ሌላ ነገር የምትፈሪ ይመስለኛል፣ ደብዳቤሽ ላይ ባትጽፊውም። አንዴ ከተናገርሽ በኋላ ተሳስተሽ መገኘትን። እስቲ ይህን ስሚ። በ1967 ቦኒ ኤንድ ክላይድ የሚባል ፊልም ወጣ። ጆ ሞርገንስተርን የኒውስዊክ መጽሔት የፊልም ሐያሲ ነበር። ፊልሙን አይቶ አፈር አስጋጠው። ከዚያ ድጋሚ ሄዶ ከተመልካች መሃል ተቀምጦ አየው። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው መጽሔት ላይ ሌላ ግምገማ ጻፈ። የቀደመው ጽሑፌ ፍትሐዊ አልነበረም አለ፤ ለምን እንደሆነም አስረዳ። ደሞዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነው፣ ቃሉን ያጠፈው በሳምንቱ ነው። አንቺ አምስት ሰው ፊት ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማን ይከስሻል? «ባለፈው ያልኩትን ተውት፣ ድጋሚ ሳየው ሌላ ሆነብኝ» ማለት የሚችል ሰው ጓደኛሞች መሃል ብርቅ ነው። አዋቂው ጓደኛሽ እንዲህ ብሎ ያውቃል? እኔ እንጃ።

ስለ እሱ ካነሳሁ አይቀር፣ አትጣዪው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ፊልም ከልቡ የሚወድ፣ የሚያዋራው ያጣ ሰው ነው። ያነበበውን የሚያፈስበት ቦታ ሲያጣ ሰው ላይ ያፈሰዋል። ድጋሚ «ይህ እኮ ሐሳብ አይደለም» ሲልሽ አትመልሺለት። ጠይቂው። «አንተን የቱ ትዕይንት ነው የያዘህ?» በይው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ ትዕይንት ካነሳ እውነተኛ ጨዋታ ተጀመረ፣ ትማሪያለሽም። ካላነሳና ስለ ዳይሬክተሩ የሕይወት ታሪክ ከጀመረ እሱም እንደ አንቺ ፐርሰንት እያነበበ እንደሚመጣ ትጠረጥሪያለሽ። ለማንም ግን አትንገሪ።

ቅደም ተከተሉንም ቀይሪ። አሁን መጀመሪያ ታያለሽ፣ ቀጥሎ ታነቢያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ትናገሪያለሽ። ማንበቡን ወደ መጨረሻ ውሰጂው። አይተሽ እንደጨረስሽ ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ ሰው ከሌለ ስልክሽ ላይ ሁለት መስመር ጻፊ። (ስልኩ ለዚህ ይጠቅማል፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ።) ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ግምገማ አንብቢ። የራስሽን ይዘሽ ስለምትገቢ ማንበቡ ራሱ ይጥማል። «እኔ ያላየሁትን አየ» ወይም «ይህ ሰውዬ እኔ ያየሁትን አላየም» ትያለሽ። ባዶ እጅሽን ስትገቢ ግን የእሱን ይዘሽ ትወጫለሽ።

መጽሐፍ ላንብብ ወይ ላልሽው፣ አንብቢ፣ ግን አሁን አይደለም። አሁን ከምታነቢው መጽሐፍ ይልቅ አንድ የወደድሽውን ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ብታዪው ይሻልሻል። መጀመሪያ ስናይ ዓይናችን ታሪኩን ነው የሚያሳድደው። ምን ይሆናል፣ ማን ገደለው፣ ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም። ሁለተኛ ጊዜ ይህን ስለምናውቀው ዓይናችን ነፃ ይወጣል። የተዋናዩን እጅ ያያል፣ የክፍሉን ቀለም ያያል፣ ካሜራው መቼ እንደቀረበ ያያል። «መጨረሻውን ካወቅሁት ምን ይጥማል?» የሚል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ይህንን በአጫጭር ልብወለዶች ፈትነውት ነበር። መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ካልተነገራቸው ይልቅ በአማካይ ታሪኩን የበለጠ ወደዱት። ፊልም ልብወለድ አይደለም፤ እኔም መጨረሻውን የሚነግረኝን ሰው አልወድም። ግን መጨረሻውን ማወቅ ሁሉን ነገር እንደማይገድል ያሳያል።

የቱን ፊልም ድጋሚ ልይ እንዳትዪኝ። ተንሰቅስቀሽ ያለቀስሽበትን ነው። አንዴ በድምፅ፣ አንዴ ያለ ድምፅ። ደብዳቤሽ ላይ አባትየው ሹራቧን ሲያወጣት ነው ያቆምሽው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንባሽ ጋርዶሻል። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ስለ እሱ እያሰብኩ ነው። ሻንጣው ሲዘጋ ሹራቧ የት ነበረች? ውስጥ ነው ወይስ እጁ ላይ? አይተሽ ጻፊልኝ።